ጠቅ ጠቅ የሚል ሞተር ሁሉ መውረድ የለበትም

የመኪና አምድ፦ የአንባቢያን ጥያቄና መልስ

ጥያቄ፦ ይድረስ ለመኪና አምድ አዘጋጅ። የምኖረው ደሴ፣ ቧንቧ ውሃ አካባቢ ሲሆን መኪናዬ ሁላችንም ዲኤክስ የምንላት አሮጌ ቶዮታ ኮሮላ ናት፤ ሞተሯም ባለ 1.3ቱ 4ኬ ነው። ከሁለት ወር ወዲህ ጠዋት ሳስነሳት ከኮፈኑ ሥር «ጠቅ ጠቅ ጠቅ» የሚል ድምፅ ትሰጣለች። መጀመሪያ ላይ ሞተሩ ሲሞቅ ድምፁ ይቀንስ ነበር፤ አሁን ግን ከሞቀችም በኋላ ቤንዚን ሳልሰጣት፣ ሚኒሞ ላይ በግልጽ ይሰማል፤ ቤንዚን ስሰጣትም አብሮ ይፈጥናል። የዘይት መብራት አይበራም፤ ጉልበቷም እንደ ድሮው ነው። ሁለት ጋራዥ ወሰድኳት። አንደኛው መካኒክ ኮፈኑን ከፍቶ ጥቂት ካዳመጠ በኋላ «ቢየላ ነው፤ ሞተሩ መውረድ አለበት» አለኝ። ሁለተኛው ደግሞ «ቫልቭ ነው፤ አጥብቄ ድምፁን አጠፋልሃለሁ» አለኝ። በዚህች መኪና ልጆቼን ትምህርት ቤት አደርሳለሁ፤ አልፎ አልፎም ኮምቦልቻ እመላለሳለሁ። ሞተር ለማሳደስ የሚሆን ገንዘብ በእጄ የለም፤ የግድ ከሆነ ግን መኪናዋን አቁሜ ለማጠራቀም ዝግጁ ነኝ። ማንን ልመን?

መልስ፦ ውድ ጠያቂያችን፣ ለጊዜው ሁለቱንም አይመኑ። ቢየላ የሚባለው ፒስተኑን ከክራንክ ሻፍቱ፣ ማለትም ከታች ካለው ዋና ዘዋሪ ዘንግ ጋር የሚያገናኘው ክንድ ነው፤ ቫልቭ ደግሞ ከላይ ድብልቁ የሚገባበትንና ጭሱ የሚወጣበትን ቀዳዳ የሚከፍትና የሚዘጋ ነው። ሁለቱም የነገሩዎት በጆሮ ብቻ የተገመተ ነገር ነው፤ ከደብዳቤዎ እንደተረዳሁት አንዳቸውም የዘይት መለኪያ ዘንጉን እንኳ አላወጡም። ጆሮ ጥሩ መሣሪያ ነው። ነገር ግን ሞተር ከጫፍ እስከ ጫፍ የተያያዘ ብረት ስለሆነ ከላይ የተነሣ ድምፅ ከታች፣ ከፊት የተነሣውም ከኋላ ሊሰማ ይችላል፤ ስለዚህ ጆሮ የጠረጠረውን መለኪያ ሳያረጋግጠው ገንዘብ ሊወጣበት አይገባም። ከጻፉልኝ ምልክቶች ተነሥቼ የእኔ ሐሳብ ወደ ቫልቭ ክፍተት፣ ማለትም በቫልቩ ጫፍና እርሱን በሚጫነው ክንድ መካከል ወዳለው ቀጭን ክፍተት ያዘነብላል። ይሁን እንጂ ይህም ገና ግምት ነውና የሚረጋገጥበትን መንገድ እንደ አካሄዱ እጽፍልዎታለሁ።

መጀመሪያ የሚታየው ዘይት ነው። ደሴ ላይ ይህ ቀላል ሥራ አንድ እንቅፋት አለበት፤ ከተማችን ተዳፋት ስለሆነች አብዛኞቻችን መኪናችንን የምናቆመው አፍንጫዋ ሽቅብ ወይም ቁልቁል ባዘነበለበት ቦታ ነው። በተዳፋት ላይ የተለካ ዘይት አያስተማምንም፤ ጎድሎ ሳለ ሙሉ፣ ሙሉ ሆኖ ሳለ ጎዶሎ መስሎ ይታያል። ሜዳ ቦታ ፈልገው ያቁሙ፤ ሞተሩን ካጠፉ በኋላ ዘይቱ ወደ ታች እስኪንጠባጠብ አምስት ደቂቃ ያህል ይጠብቁ፤ ዘንጉን አውጥተው በጨርቅ ይጥረጉ፤ እስከ መጨረሻው መልሰው ይክተቱና እንደገና ያወጡትን ያንብቡ። በታችኛውና በላይኛው ምልክት መካከል ያለው ልዩነት በአብዛኞቹ መኪናዎች አንድ ሊትር ያህል ነው። የእርስዎ ሞተር ከነፊልትሮው የሚይዘው ሦስት ሊትር ተኩል ገደማ በመሆኑ ዘይቱ ከታችኛው ምልክት ላይ ከደረሰ ከሚያስፈልገው ውስጥ ከሩብ በላዩን አጥቷል ማለት ነው። ይህ ሲሆን መጀመሪያ የሚጮኸው የሞተሩ የላይኛው ክፍል ነው፤ ምክንያቱም በ4ኬ ሞተር ላይ ቫልቮቹን የሚጫኑት ቢላንቸሪ የሚባሉት ክንዶች ከቴስታታው (ከሞተሩ የላይኛው ራስ) በላይ ተቀምጠው ዘይት የሚደርሳቸው ከሁሉም በኋላ ነው።

«የዘይት መብራት አይበራም» ያሉትን ነገር ብዙ ሰው እንደ ዋስትና ስለሚቆጥረው እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ። ያ መብራት የሚበራው ግፊቱ እጅግ ሲወርድ፣ ብዙውን ጊዜ ከ0.3 እስከ 0.5 ባር አካባቢ ሲደርስ ነው። መብራቱ ጠፍቶም ግፊቱ ለሞተሩ ከሚበቃው በታች ሊሆን ይችላል። የግፊቱን እውነተኛ መጠን ማወቅ የሚቻለው የመብራቱን ሴንሰር ፈትቶ በቦታው የግፊት ጌጅ በማሰርና ሞተሩ በደንብ ከሞቀ በኋላ በማንበብ ነው። መካኒኮች በልምድ የያዙት ሚዛን በየሺህ ዙሩ 10 ፒኤስአይ ገደማ፣ ማለትም 0.7 ባር ያህል ይኑር የሚል ነው። ሥራው የግማሽ ሰዓት ነው፤ ሞተር ይውረድ ከሚለው ፍርድ በፊት ይህን ልኬት የማይወስድ ጋራዥ እኔ በበኩሌ መኪናዬን አልሰጠውም።

ዘይቱ መጠኑ ትክክል ሆኖ ሳለ ጥራቱ ሊጎድል ይችላል። ከቤት እስከ ትምህርት ቤት፣ ከዚያም እስከ ፒያሳ ብቻ የሚሄድ መኪና በደሴ ብርድ ሞተሩ ሙቀቱን ሳይጨርስ ይጠፋል፤ በውስጡ የሚፈጠረው እንፋሎትም ተንኖ ሳይወጣ ከዘይቱ ጋር ይቀላቀላል። የዘይት መሙያውን ክዳን ሲከፍቱ ከሥሩ ወተት የመሰለ አረፋ ካዩ፣ ራዲያተሩ ውሃ እስካልጎደለው ድረስ፣ ጓርኒሲዮን (የቴስታታው ማሸጊያ) ተቃጥሏል ብለው ወዲያው አይደንግጡ፤ አጭር መንገድ ብቻ የሚሄድ መኪና ይህን ያሳያል። ግን ያ ዘይት ዕድሜው አጭር ነውና ኪሎ ሜትሩ ባይሞላም ይቀየር። ሲቀይሩም የውፍረቱን ነገር ያስቡበት። ቁጥር 40 ብቻ የተባለው ዘይት በኅዳርና በታኅሣሥ ጠዋት ወፍሮ ወደ ላይ ለመድረስ ጊዜ ይወስዳል፤ 15ደብሊው-40 ወይም 20ደብሊው-50 የሆነው ግን ሲቀዘቅዝ ቀለል ብሎ ሲሞቅ ውፍረቱን ስለሚይዝ እንደ እኛ ላለው አየር ይሻላል።

ዘይቱ ከተስተካከለ በኋላ ድምፁ ከቀጠለ ጠባዩን እንመርምር። አንድ ቫልቭ የሚከፈተው ሞተሩ ሁለት ዙር ሲዞር አንድ ጊዜ ነው። ሚኒሞው በደቂቃ 800 ዙር ከሆነ የላላ ቫልቭ በደቂቃ 400 ጊዜ፣ ማለትም በሰከንድ ስድስት ወይም ሰባት ጊዜ ይጠቅጥቃል። የቢየላ ምት ግን የሚከተለው የክራንክ ሻፍቱን ዙር ስለሆነ እጥፉን ይፈጥናል። በጆሮ መቁጠር አስቸጋሪ ቢሆንም ስትሮብ መብራት ያለው መካኒክ በቀላሉ ይለየዋል፤ መብራቱን በአንዱ የካንዴላ ገመድ ላይ ሲያስረው በየሁለት ዙሩ አንድ ጊዜ ብልጭ ይላል። በአንድ ብልጭታ አንድ ጠቅታ ከተሰማ ነገሩ ከላይ ከቫልቮቹ ወገን ነው፤ በአንድ ብልጭታ ሁለት ከተሰማ ከታች ከክራንክ ሻፍቱ ወገን ነው።

የድምፁ ክብደትም ይለያል። የቫልቭ ድምፅ ቀጭንና ንጹሕ ነው፤ የልብስ ሰፊ ማሽን ከሩቅ ሲሰማ ይመስላል። የቢየላ ድምፅ ወፍራም ነው፤ ከሥር በመዶሻ እንደሚመታ ብረት «ኳ ኳ» ይላል፤ ዘይቱ ሞቆ ሲቀጥንና ሞተሩ ጭነት ሲሸከም ይብሳል። ለዚህም አንድ ጥሩ ፈተና አለ። ሞተሩ ሚኒሞ ላይ እያለ መካኒኩ የካንዴላ ገመዶችን አንድ በአንድ፣ በጎማ በተሸፈነ ፒንሳና በደረቅ እጅ ለአጭር ጊዜ እየነቀለ ጫፉን ከሞተሩ ብረት ጋር ያገናኘዋል። ያ ሲሊንደር እሳት ሲያጣ ፒስተኑን ቁልቁል የሚገፋው ኃይል ስለሚቀንስ የላላ ቢየላ ድምፁን ዝቅ ያደርጋል ወይም ይለውጣል። የቫልቭ ድምፅ ግን እሳት ኖረም አልኖረም አይለወጥም። ይህ ፈተና እንደ እርስዎ ዲስትሪቢተር ላለው አሮጌ ሞተር እንጂ በየካንዴላው ላይ ኮይል ለተቀመጠበት አዲስ ሞተር አይደለም።

ቦታውን ለመለየት ደግሞ ረጅም ካቻቢቴ ይበቃል። ጫፉን በቫልቭ ክዳኑ ብሎን ላይ አሳርፈው እጀታውን ከጆሮ አጠገብ ካለው አጥንት ላይ ሲያስደግፉት ድምፁ ከየትኛው ሲሊንደር አናት እንደሚነሣ ይለያል፤ ከዚያ ወደ ሞተሩ ጎን፣ ወደ ዘይት ቋቱና ወደ ፊት የካቴናው ክዳን እያዛወሩ ያነጻጽሩ። አንድ ማስጠንቀቂያ አለኝ። በጠዋቱ ብርድ ጋቢ ወይም ሻርፕ ጣል አድርገው በሚዞር ሞተር ላይ በፍጹም አያጎንብሱ፤ ቬንቲላተሩና ቺንጋው የልብስ ጫፍ ከያዙ ለእጅም ለአንገትም ጊዜ አይሰጡም።

ከቫልቭ በፊት ልትመረመር የሚገባት አንዲት ሌላ ተጠርጣሪ አለች፤ እርሷም የጭስ ማውጫው ኮሌተር ከቴስታታው ጋር የሚገናኝባት ቦታ ናት። ጓርኒሲዮኗ ከተበላ ወይም አንዱ ፕሪጆኒዬር (ማሰሪያ ብሎን) ከተሰበረ በየፍንዳታው የሚያመልጠው ጭስ ልክ እንደ ቫልቭ ይጠቅጥቃል፤ ጠዋት ይጮኻል፣ ብረቱ ሞቆ ሲለጠጥ ክፍተቱን ስለሚዘጋው ይቀንሳል። «መጀመሪያ ሲሞቅ ይቀንስ ነበር» ያሉት ቃል ይህን እንድጠረጥር አድርጎኛል። ከኮምቦልቻ በሐረጎ አቀበት ወጥቶ ኮሌተሩ ክፉኛ የጋለ መኪና በደሴ ሌሊት ሲቀዘቅዝ ያ መለጠጥና መኮማተር በእነዚያ ብሎኖች ላይ ነው የሚያርፈው። ሞተሩ ሳይነሣ በባትሪ መብራት መገጣጠሚያውን ይዩ፤ ጥቁር ጥቀርሻ እንደ ጅራት ተረጭቶ ካገኙ ጥፋተኛውን አግኝተዋል። ካላዩ አንድ ሰው የጭስ ማውጫውን ጫፍ በወፍራም ጨርቅ ለጥቂት ሰከንድ ያፍንልዎት፤ ድምፁ ከጎላ ጭስ የሚያመልጥበት ቀዳዳ አለ ማለት ነው። እዚያ አካባቢ ክብሪትም ሆነ የሚጨስ ነገር አያስጠጉ፤ ካርቡራተሩ አጠገብ ነው። ጭሱ ወደ መኪናው ውስጥ ሊገባ ስለሚችልና ሽታ የሌለው መርዛማ ጋዝ ስላለበት ልጆች የሚጓዙበት መኪና ላይ ይህ ጥፋት ከተገኘ ለነገ አይባልም።

ይህ ሁሉ ነጻ ከሆነ ቫልቮቹ ይለኩ። ለ4ኬ ሞተር ክፍተቱ ሞተሩ እንደሞቀ ለማስገቢያው 0.20፣ ለማስወጫው 0.30 ሚሊሜትር ነው። ፊለር ጌጅ በሚባሉት ስስ የብረት ምላጮች የሚለካው አንደኛው ሲሊንደር የመጨመቂያው ጫፍ ላይ ሲደርስ ነው፤ በዚያ አቋም አራት ቫልቮች ይለካሉ፣ ከዚያ ክራንክ ሻፍቱ አንድ ሙሉ ዙር ዞሮ የቀሩት አራቱ ይለካሉ። ምላጩ ሲሳብ ቅቤ ውስጥ እንዳለ ቢላ ለስለስ ብሎ መያዝ አለበት፤ ያለ ስሜት ከተንሸራተተ ላልቷል፣ አልገባም ካለ ጠብቋል። የማቆሚያው ዳዶ ሲጠበቅ ክፍተቱ ስለሚለወጥ ከጠበቀ በኋላ እንደገና ካልተለካ ሥራው አላለቀም። ድምፁ ከየትኛው ቫልቭ እንደሆነ ለማረጋገጥ ልምድ ያለው መካኒክ ክዳኑ ተነሥቶ ሞተሩ በዝግታ እየሠራ ምላጩን በቢላንቸሪውና በቫልቩ ጫፍ መካከል ሊያስገባ ይችላል፤ የሚጮኸው ቫልቭ ላይ ሲደርስ ጠቅታው ወዲያው ይታፈናል። በዚያው አጋጣሚ ወደ እያንዳንዱ ቢላንቸሪ ዘይት መድረሱን በዓይን ያያሉ። አንዱ ብቻ ደርቆ ከተገኘ የዘይት ቀዳዳው ተደፍኗል፤ እርሱን ሳያጸዱ ክፍተት ማስተካከል ትርፉ ድካም ነው።

ተስተካክሎም የሚጮኽ ቫልቭ አለ፤ ብዙ ሰው ደጋግሞ የሚሳሳተውም በዚህ ነው። ቢላንቸሪው ከቫልቩ ጫፍ ጋር የሚነካካበት ፊቱ በዘመናት ብዛት ይበላል፤ መሐሉ ላይ በጥፍር ሲዳሰስ የምትታወቅ ትንሽ ጎድጓዳ ይወጣለታል። ጠፍጣፋው ምላጭ በጎድጓዳዋ ላይ እንደ ድልድይ ስለሚዘረጋ 0.20 ብሎ ይለካል፤ እውነተኛው ክፍተት ግን ጎድጓዳዋን ጨምሮ ነው። መካኒኩ «በልኩ ነው» ይላል፤ ባለቤቱ ድምፁ እንዳለ ይዞ ይመለሳል፤ ሁለቱም እውነታቸውን ነው። መፍትሔው ቢላንቸሪውን አውጥቶ ፊቱን ማስተካከል ወይም መቀየር ነው። አብሮም ከሥር የሚገፋው ዘንግ ያልጎበጠ መሆኑ በጠፍጣፋ መስታወት ላይ እየተንከባለለ ይታይ።

አሁን «አጥብቄ ድምፁን አጠፋልሃለሁ» ወዳለዎት ሰው ልመለስ፤ ከሁሉ ይልቅ ያሳሰበኝ የእርሱ ቃል ነው። ቫልቭ የሚቀበለውን ሙቀት በአብዛኛው የሚያስወግደው ተዘግቶ ከመቀመጫው ጋር በሚነካካባት ቅጽበት ነው። ከልኩ በላይ የጠበቀ ቫልቭ ሞተሩ ሲሞቅ ይረዝምና ሙሉ በሙሉ መዘጋት ያቅተዋል፤ ሙቀቱን የሚያስረክብበት ቦታ አጥቶም የሚቃጠለው ጋዝ በጠርዙ እየሾለከ ያነደዋል። ድምፅ ግን የለውም፤ ባለቤቱም ደስ ይለዋል። አንድ ጊዜ በደሴና በኮምቦልቻ መካከል የምትሠራ መኪና ሐረጎን መውጣት አቃታት ተብላ መጣችልኝ። ሞተሯ ጸጥ ያለ ነበር፤ ከጥቂት ሳምንታት በፊት ቫልቭ ተስተካክሎላት ነበርና። ቴስታታው ሲነሣ የሦስተኛው ሲሊንደር ማስወጫ ቫልቭ ጠርዝ አይጥ እንደበላው እንጀራ ተሸርፎ አገኘነው። በጥቂት መቶኛ ሚሊሜትር የተገዛ ጸጥታ ቴስታታ አስወረደ። ስለዚህ መካኒኩን «ድምፁን አጥፋልኝ» አይበሉት፤ «በልኩ አድርግልኝ፤ ስንት እንደነበረና ስንት እንዳደረግኸው ጻፍልኝ» ይበሉት። በልኩ የተስተካከለ 4ኬ ከክዳኑ ሥር ትንሽ ይጠቅጥቃል፤ ያ ጤናማ ነው።

እስኪለካ ድረስ፣ ዘይቱ ሙሉ ከሆነና ድምፁ ቀጭን ከሆነ በከተማ ውስጥ ቀስ ብለው ቢነዷት ችግር የለውም፤ ሐረጎን ግን ለጊዜው ይተዉት። ድምፁ ወፍሮ ከሥር መምታት ከጀመረ ወይም የዘይት መብራቱ ለአፍታም ቢሆን ብልጭ ካለ እዚያው ያቁሟትና አስጎትተው ይውሰዷት፤ በላላ ቢየላ የሚነዳ አንድ ኪሎ ሜትር ሊድን የሚችለውን ክራንክ ሻፍት ሊጨርሰው ይችላል። የግፊቱ ልኬትና የካንዴላው ፈተና ሁለቱም ወደ ቢየላ ካመለከቱ የመጀመሪያው መካኒክ ልክ ነበር ማለት ነው፤ ያኔ ገንዘብ ማጠራቀሙ ተገቢ ይሆናል።

ጥያቄ፦ ነዋሪነቴ ኮምቦልቻ ነው። ካርቡራተር ያላት ቤንዚን ኮሮላ አለችኝ፤ ለሥራ ወደ ባቲና ወደ ሚሌ እወርዳለሁ፣ ወደ ደሴም እወጣለሁ። በቅርቡ ደሴ ላይ «ጉልበት አነሳት» ብዬ ታይሚንጓ ተስተካከለልኝ፤ በእርግጥም ጉልበቷ ተሻለ። ከዚያ ወዲህ ግን ከባቲ ስመለስ ዳገት ላይ ቤንዚን ስረግጥ «ቅርር ቅርር» የሚል ጠቅታ ይሰማል፤ እግሬን ሳነሣ ወዲያው ይጠፋል። ሚኒሞ ላይ ምንም የለም። ይህም ቫልቭ ነው?

መልስ፦ አይደለም። ጭነት ሲኖር የሚመጣና እግር ሲነሣ የሚጠፋ፣ በቆርቆሮ ውስጥ እንደተናጠ ጠጠር ያለ ድምፅ የቤንዚኑ ያለ ጊዜው መፈንዳት ነው። ምክንያቱንም እርስዎ ራስዎ ጽፈውታል። ደሴ ከባሕር ወለል በላይ 2,500 ሜትር ገደማ፣ ኮምቦልቻ ደግሞ 1,850 ሜትር ገደማ ላይ ይገኛሉ። ደሴ ላይ የአየሩ ግፊት ባሕር ወለል ላይ ካለው ሦስት አራተኛ ያህል ብቻ ስለሆነ በሲሊንደሩ ውስጥ የሚታመቀው ድብልቅ አነስተኛ ነው፤ ስለዚህ እሳቱን (ታይሚንግ የሚባለው ካንዴላው እሳት የሚሰጥበት ጊዜ ነው) በብዙ ቢያስቀድሙለትም ሞተሩ ይታገሠዋል፣ እንዲያውም ጉልበት ያገኛል። ያው መኪና ወደ ባቲ፣ ከዚያም ወደ ሚሌ ሲወርድ አየሩ ይከብዳል፣ ሙቀቱም ይጨምራል፤ ደሴ ላይ ልክ የነበረው ታይሚንግ እዚያ ከልክ በላይ የቀደመ ይሆናል። መካኒኩ አላጠፋም ለማለት እደፍራለሁ፤ መኪናዋ የት የት እንደምትሄድ ግን መጠየቅ ነበረበት።

በስትሮብ መብራት ፋብሪካው ወደሰጠው ልክ ይመለስልዎት፤ በጆሮና በዳገት ሙከራ አይስተካከል። ከተመለሰ በኋላም ከቀጠለ በዲስትሪቢተሩ ውስጥ ያሉት ክብደቶች ደርቀው ተጣብቀው እንደሆነ፣ ሞተሩ ከልኩ በላይ የሚግል እንደሆነና ካርቡራተሩ ነዳጅ የሚያሳንስ እንደሆነ ይታይ። እስከዚያው ዳገት ላይ በ4ኛ ማርሽ እየረገጡ አያስጨንቋት፤ ወደ 3ኛ ወይም ወደ 2ኛ ቢያወርዷት ድምፁ ይቀንሳል። ይህን ድምፅ ለምደው ዝም አይበሉት፤ ለረጅም ጊዜ ሲቆይ ፒስተን ይበሳል፣ ከላይ የጻፍኩለትን የደሴውን ጠያቂ ያስፈራራውን የቢየላ ብሮንዝም (ቢየላው ክራንክ ሻፍቱ ላይ የሚያርፍበትን ስስ ብረት) የሚቀጠቅጠው እርሱ ነው።

ጥያቄ፦ ቪትዝ አለኝ። ጠዋት ስትነሣ ለሦስት ሰከንድ ያህል ትንኳኳለች፣ ከዚያ ትተዋለች። ኮፈኑን ስከፍት ደግሞ ቀኑን ሙሉ ፈጠን ያለ ቀጭን ጠቅታ እሰማለሁ። ጀማሪ ነጂ ስለሆንኩ እየፈራሁ ነው። (ከደሴ፣ ከሆጤ)

መልስ፦ እኅቴ ወይም ወንድሜ፣ ሁለቱን ነገሮች እንለያቸው። ቀኑን ሙሉ የሚሰማው ፈጣን ቀጭን ጠቅታ ከኢንጀክተሮቹ ሊሆን ይችላል፤ እነርሱ ቤንዚን ለመርጨት በተከፈቱና በተዘጉ ቁጥር ይጠቅጥቃሉ፣ ይህም ሥራቸው ነው። የካቻቢቴ ጫፍ በእያንዳንዱ ላይ ሲያሳርፉ በሁሉም ላይ አንድ ዓይነት ድምፅ ከተሰማ ጤነኛ ናቸው፤ አንዱ ዝም ካለ ነው የሚያሳስበው።

የጠዋቱ የሦስት ሰከንድ ድምፅ ግን መልእክት አለው። ሌሊቱን ዘይቱ ከላይኛው ክፍል ወደ ቋቱ ወርዶ ያድራል፤ ጥሩ ፊልትሮ በውስጡ ያለችው የጎማ ክዳን ዘይቱን ስለምትይዘው ጠዋት ግፊቱ ቶሎ ይመጣል። ያች ጎማ የሌለችው ወይም የደነደነችበት ርካሽ ፊልትሮ ከታሰረ ፖምፓው ፊልትሮውን እስኪሞላ ድረስ የታይሚንግ ካቴናውና ቫልቮቹ ደርቀው ይሠራሉ። ድምፁ የጀመረው ዘይት ካስቀየሩ በኋላ እንደሆነ ያስታውሱ፤ ከሆነ በመጀመሪያ ትክክለኛውን ፊልትሮ አስገዝተው ያስለውጡ፣ ዘይቱም መጽሐፏ ከሚለው ውፍረት አይለፍ። ከዚያም በኋላ ድምፁ እየረዘመ ከሄደ ካቴናውና መወጠሪያው ይታዩ። ጠዋት እንደነሣች ግን ቤንዚን አይርገጡባት፤ ግማሽ ደቂቃ ይስጧትና በዝግታ ይውጡ።

ጥያቄ፦ መኪናዬ ቆማ ስትሠራ ድምፅ የላትም፤ ስትሄድ ግን «ጠቅ... ጠቅ... ጠቅ» ትላለች። ሞተር እንዳይሆን ሰጋሁ። (ከኮምቦልቻ)

መልስ፦ ቆማ ቤንዚን ሲሰጧት ድምፁ ከሌለ፣ ስትሄድ ደግሞ ከጎማው ፍጥነት ጋር የሚፈጥንና የሚዘገይ ከሆነ ሞተሩን ይተዉት። ሜዳና ጭር ባለ መንገድ ላይ በዝግታ እየሄዱ ለጥቂት ሜትር ማርሹን ኖርማሌ (ከማርሽ ውጪ) ያድርጉ፤ ሞተሩ ወደ ሚኒሞ ወርዶ ድምፁ ካልተለወጠ ነገሩ ከጎማ፣ ከኩሽኔታ ወይም ከጎማ ክዳን ነው። መሪ ሲያዞሩ ብቻ የሚጮኽ ከሆነ የፊት ጎማዎቹን የሚያዞሩት ዘንጎች መገጣጠሚያዎች ይታዩ። ይህን ሙከራ ግን በሐረጎ ቁልቁለት ላይ በፍጹም አያድርጉት፤ በዚያ መንገድ መኪናውን ከፍሬን ጋር ሆኖ የሚይዘው ማርሽ ነው፤ ሞተር አጥፍቶ መውረድማ ፍሬኑንም መሪውንም ያከብዳል።

በአብዛኛው ግን እንዲህ ያለው ድምፅ በጎማው ጥርሶች መካከል ከተሰነቀረ ጠጠር የሚመጣ ነው። የእጅ ፍሬን ስበው፣ ጎማዎቹን አንድ በአንድ እየተመለከቱ፣ በካቻቢቴ ፈልቅቀው ያውጡት። ያገኙት ነገር ጠጠር ሳይሆን የሚስማር ራስ ከሆነ እጅዎን ይሰብስቡና ጎሚስታው ዘንድ እስኪደርሱ አይንቀሉት።